በታይላንድ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሥራ ቪዛን ያለ ደላላ ማግኘት ይቻላልን?

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂያችን በአዲስ አበባ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪ አላቸው። በታይላንድ ናኮን ራቻሲማ ከተማ ከሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ጋር በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አድርገው በግንቦት ወር ሥራ እንዲጀምሩ የሚጋብዝ ኢሜይል ደርሷቸዋል። አንድ ደላላ ግን «ቪዛውን ያለ እኔ አያገኙትም፤ መጀመሪያ በቱሪስት ይግቡ፣ ቀሪውን እዚያ እንጨርሰዋለን» ብሎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ጠይቋቸዋል። «ራሴ ማስጨረስ እችላለሁ ወይስ አልችልም?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ይችላሉ። ነገር ግን «ቪዛውን ራሴ አወጣዋለሁ» የሚለው አነጋገር ነገሩን በትክክል አይገልጸውም። የሥራ ቪዛ ከሁለት ወገን በሚመጡ ወረቀቶች የሚቆም ጉዳይ ነው፤ አንዱ ወገን ቀጣሪው ትምህርት ቤት ሲሆን ሌላው ወገን እርስዎ ነዎት። የትምህርት ቤቱን ፈቃድ፣ የዳይሬክተሩን ፊርማና ለኤምባሲ የሚጻፈውን ደብዳቤ ደላላ ከየትም ሊያመጣው አይችልም። ዲግሪዎን፣ አሻራዎንና የሥራ ልምድዎንም እንዲሁ ከእርስዎ በቀር የሚያስጨርስ የለም። በመሃል የሚቀረው ማመልከቻ መሙላት ብቻ ነው፤ እርሱም እንግሊዝኛ ለሚያስተምር ሰው የሚከብድ አይደለም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አገሩን በሚገባ መምረጥዎን ልናገር። ደላሎች አዘውትረው የሚሸጡት ደቡብ ኮሪያንና ቻይናን ነው፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ እዚህ ለተማረ መምህር በዚህ ሙያ በአብዛኛው ዝግ ናቸው። የኮሪያው «ኢ-2» የተሰኘ የቋንቋ መምህራን ቪዛ ለእንግሊዝኛ የሚሰጠው በዋነኛነት ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ እነርሱም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ዲግሪውም ከእነዚሁ አገሮች እንዲሆን ስለሚፈለግ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ነገር ግን ዲግሪውን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የያዘ ወገናችን እንኳ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ቻይናም የቋንቋ መምህር የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚያስተምር እንዲሆን በመርህ ደረጃ ትጠይቃለች። ስለዚህ «የኮሪያ የመምህርነት ቪዛ አለኝ» የሚልዎትን ሰው ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ሳያስፈልግዎ ማሰናበት ይችላሉ።

ታይላንድ በሯን አልዘጋችም፤ ሆኖም መምህራንን «ኔቲቭ» (እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሆነ) እና «ኔቲቭ ያልሆነ» በማለት ትለያለች፤ ይህንንም የሚወስነው ፓስፖርትዎ እንጂ የቋንቋ ችሎታዎ አይደለም። በእኔ እምነት ይህ መለኪያ ስለ ማስተማር ብቃት የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ሕጉ ስለሆነ በእርሱ መሄድ ግድ ነው። ኔቲቭ ላልሆነ የእንግሊዝኛ መምህር የቋንቋ ፈተና ውጤት ይጠየቃል፤ በተለምዶ የሚፈለገው በአይኤልትስ 5.5 ወይም በቶይክ 600 ነው። አይኤልትስን በአዲስ አበባ በብሪቲሽ ካውንስል በኩል መፈተን ይቻላል፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት በመሆኑ ቀደም ሲል የተፈተኑት ካለ ቀኑን ይመልከቱ። በደመወዝ በኩልም ልዩነት እንዳለ ከወዲሁ ይወቁ፤ ለኔቲቭ መምህር በወር ከ30 ሺህ እስከ 40 ሺህ ባት (የታይላንድ ገንዘብ) የሚከፍል ትምህርት ቤት ለፊሊፒናዊ፣ ለካሜሩናዊ ወይም ለኢትዮጵያዊ መምህር ዝቅ አድርጎ ማቅረቡ የተለመደ ነው። ሒሳብ ወይም ሳይንስ በእንግሊዝኛ በሚሰጥባቸው «ኢንግሊሽ ፕሮግራም» በሚባሉ ክፍሎች ማስተማር ለሚችሉ ሰዎች ግን ይህ ልዩነት ጠበብ ሲል አይቻለሁ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ድርሻ እንምጣ። ለማስተማር የሚያስገባው ቪዛ «ኖን-ኢሚግራንት ቢ» ይባላል። ትምህርት ቤቱ የተፈረመ የቅጥር ውል፣ ለኤምባሲው የተጻፈ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤቱን የሥራ ፈቃድ ቅጂ፣ የፈራሚውን ኃላፊ መታወቂያ ቅጂ፣ እንዲሁም የግል ትምህርት ቤቶችን ከሚቆጣጠረው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የተገኘ የድጋፍ ደብዳቤ ይልክልዎታል። ይህ የመጨረሻው ደብዳቤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ለማግኘትም ትምህርት ቤቱ የእርስዎን የትምህርት ማስረጃ ቀድሞ ማየት ይኖርበታል። ከዚህ ቀደም የውጭ አገር መምህር የቀጠረ ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ሳይጠየቅ ይዘረዝርልዎታል። ስለ ድጋፍ ደብዳቤው ሲጠየቅ የሚያድበሰብስ ከሆነ ግን ወይ ልምድ የለውም፣ ወይም ውጭ አገር ሰው የመቅጠር አቅሙ አጠራጣሪ ነው።

የእርስዎ ድርሻ ሰፋ ያለ ነው፤ ሰዎች የሚዘገዩትም እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልግለጸው። የመጀመሪያው ዲግሪው ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን እስካልጨረሰ ድረስ በእጁ የሚገኘው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ብቻ ነው፤ ኦሪጅናል ዲግሪውና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ሬጅስትራር ዘንድ ይቆያሉ። የታይላንድ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ኦሪጅናሉን እንጂ ጊዜያዊውን አይፈልጉም። በመሆኑም ዕዳው ካለብዎት የቀረውን ከፍለው የማጠናቀቂያውን ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው ማቅረብ፣ ኦሪጅናሉን መውሰድና ኦፊሻሉን ማሠራት ከሌላው ሁሉ የሚቀድም ተግባር ነው። ባሕር ዳር ተመላልሰው ማስጨረስ ካልቻሉ፣ እዚያ ላለ ዘመድ ወይም ጓደኛ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ውክልና ይስጡ። ውክልናውን ሰፋ አድርገው «ከዩኒቨርሲቲው ማንኛውንም የትምህርት ማስረጃ እንዲያስወጣ፣ እንዲያረጋግጥና እንዲረከብ» ተብሎ እንዲጻፍ ቢያደርጉ ይሻላል፤ ታይላንድ ከገቡ በኋላ ተጨማሪ ወረቀት ቢጠየቁ ከዚያ ሆነው አዲስ ውክልና ማዘጋጀት አድካሚ ነው።

ለውጭ አገር የሚውል የዩኒቨርሲቲ ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዶ ማኅተም ያርፍበታል፤ ተቀባዩ አገር ከጠየቀ ደግሞ የአገሩ ኤምባሲ ያጸድቀዋል። ትምህርት ቤቱ ከሌሎች አገሮች መምህራን ጋር ባለው ልምድ «አፖስቲል አሠርተው ይላኩ» ቢልዎት አይደንግጡ፤ አፖስቲል በአንድ ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች መካከል ሰነድን በአንድ ማኅተም የሚያጸድቅ አሠራር ነው፤ ኢትዮጵያ የዚያ ስምምነት አባል ስላልሆነች ለእኛ ሰነድ የሚሠራው ይህ ከላይ የተጠቀሰው ሰንሰለት መሆኑን በአንድ አጭር ኢሜይል ያስረዱ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከማኅተሙ ይልቅ ከሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይመርጣሉ፤ የትኛውን እንደሚፈልጉ አስቀድመው በጽሑፍ ካልጠየቁ ሁለቱንም ለማሠራት ይገደዳሉ።

በዚህ መካከል ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ቀንና ስም ነው። የኢትዮጵያ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በእኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ «ከመስከረም 2012 እስከ ሰኔ 2016 ያስተማሩ» የሚል ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ዓመቱ እንዳለ ከተተወ፣ አንባቢው ከእውነተኛው ጊዜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ቀድሞ የተፈጸመ ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እንዲያ ከሆነ ዲግሪው ከመያዙ በፊት ሲያስተምሩ የነበሩ ይመስላል። ታይላንዶች በበኩላቸው ከአውሮፓው በ543 ዓመት በሚቀድም የቡድሃ ዘመን ስለሚጠቀሙ፣ በውሉ የታይኛ ቅጂ ላይ 2569 የሚል ዓመት ቢያዩ እ.ኤ.አ. 2026 ማለት ነው። ሦስት የዘመን አቆጣጠር በአንድ ፋይል ሲገናኙ ስሕተት መፈጠሩ የማይቀር ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ በሚያቀርቡት ወረቀት ሁሉ ላይ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን፤ የኢትዮጵያው ከተጠቀሰም አጠገቡ ይገለጽ።

የስሙም ጉዳይ ከዚህ አያንስም። ዲግሪው ላይ ስምዎና የአባትዎ ስም ብቻ ተጽፎ ፓስፖርቱ ላይ የአያትዎ ስም ሊጨመርበት ይችላል፤ «ፀሐይ»ን ወይም «ጽጌ»ን የመሰለ ስም ደግሞ ሬጅስትራር በአንድ ዓይነት ፊደላት፣ ኢሚግሬሽን በሌላ ዓይነት ጽፎት ሊገኝ ይችላል። ለእኛ አንድ ሰው መሆኑ ግልጽ ነው፤ ለታይላንድ የሥራ ሚኒስቴር ሠራተኛ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኦፊሻሉን ከማሠራትዎ በፊት ፓስፖርትዎን ይዘው ሬጅስትራር ዘንድ ይቅረቡና አጻጻፉ በፓስፖርቱ መሠረት እንዲሆን ይጠይቁ፤ የዲግሪው አጻጻፍ የማይቀየር ከሆነ ሁለቱም ስሞች የአንድ ተመራቂ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፉ። ይህችን ደብዳቤ እዚህ እያሉ ማግኘት ቀላል ነው።

የቀሩት ሰነዶች ብዙም አያስቸግሩም። ከወንጀል ነፃ መሆንዎን የሚያሳየው ማስረጃ በፌዴራል ፖሊስ አሻራ ሰጥተው የሚያገኙት ነው፤ ብዙ ቀጣሪዎች ከስድስት ወር ያልበለጠ ስለሚፈልጉ በጣም ቀድመው አያውጡት። ቢጫ ካርድ ግን የግድ ነው፤ ታይላንድ የቢጫ ወባ ክትባት ከምትጠይቃቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ስትሆን፣ ክትባቱ ከመድረስዎ ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል አሮጌ ካርድ ካለዎት አይጣሉት።

ሰነዱ ሲሟላ ማመልከቻው የሚገባው በታይላንድ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ድረ ገጽ ነው፤ ይህ አሠራር ከእ.ኤ.አ. ጥር 2025 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ባሉ ኤምባሲዎቿ ሁሉ ተግባራዊ ሆኗል። ዜግነትዎንና የሚኖሩበትን አገር ሲመርጡ ጉዳይዎን የሚያየውን ኤምባሲ ሥርዓቱ ራሱ ያሳይዎታል። ማመልከቻውን በራስዎ ኢሜይልና በራስዎ የይለፍ ቃል ይክፈቱ። ደላላ በከፈተው አካውንት ማመልከት ማለት ኤምባሲው ተጨማሪ ሰነድ ሲጠይቅ መልእክቱ ወደ ደላላው ይሄዳል ማለት ነው፤ «ኤምባሲው ተጨማሪ ክፍያ ጠይቋል» የሚለው ወሬም የሚወለደው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሕግ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ብዙዎች ስለማያውቁት ቪዛ ይዘው ጉዟቸው ይስተጓጎላል። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቀጥታ ቅጥርን፣ ማለትም ከኤጀንሲና ከሚኒስቴሩ ውጭ በቀጥታ በቀጣሪ መቀጠርን፣ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ከቤት ሠራተኝነት በቀር ሥራውን በራሱ ጥረት ላገኘ ሰው ሚኒስቴሩ ቀጥታ ቅጥርን ሊፈቅድ እንደሚችል ይኸው አዋጅ ይደነግጋል። የእርስዎ ጉዳይ የሚወድቀው በዚህ ልዩ ሁኔታ ሥር ነው። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል፤ ጉዳዩንም አሁን የሚያየው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ውሉ እንደተፈረመ ወደ ሚኒስቴሩ ሄደው ለቀጥታ ቅጥር ፈቃድ ምን እንደሚያስፈልግ በአካል ይጠይቁ፤ ቪዛው እስኪወጣ አይጠብቁ። በዚሁ አዋጅ የቪዛና የሥራ ፈቃድ ክፍያ የቀጣሪው ግዴታ ነው። የታይላንድ ትምህርት ቤቶች ግን ብዙ ጊዜ ለትኬት እንኳ ሲከፍሉ አይታይም፤ ስለዚህ ማን ምን እንደሚከፍል በውሉ ውስጥ በግልጽ ካላስጻፉ በኋላ መከራከሪያ የለዎትም።

ቪዛው ሲመታ በታይላንድ ለ90 ቀን ያስቆይዎታል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቱ ሁለት ነገር ማስጨረስ ይጠበቅበታል፤ በአገሩ ቋንቋ «ኩሩሳፋ» ከሚባለው የመምህራን ምክር ቤት ጊዜያዊ የማስተማር ፈቃድ፣ ከሥራ ሚኒስቴር ደግሞ የሥራ ፈቃድ። በትምህርት ዘርፍ የተመረቀ ሰው በኩሩሳፋ በኩል ቀለል ይልለታል፤ የእርስዎ ዲግሪ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ እንጂ የመምህርነት ስላልሆነ፣ ፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ) ተምረው ከሆነ ማስረጃውን አብረው ያስገቡ። ሁለቱ ፈቃዶች ሲወጡ ኢሚግሬሽን የመቆያ ጊዜዎን እስከ አንድ ዓመት ያራዝማል፤ ክፍያው 1,900 ባት ነው። ከዚያ በኋላ በየ90 ቀኑ አድራሻዎን ማሳወቅ ግዴታ ሲሆን፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲመጡ የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጡ ከወጡ ያ ሁሉ የተደከመበት የመቆያ ፈቃድ አውሮፕላኑ ላይ እንደተሳፈሩ ይሰረዛል። የመመለሻ ፈቃዱ ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት ነው።

የሥራ ፈቃዱ ከትምህርት ቤቱ ጋር የተያያዘ መሆኑም መታወቅ አለበት። ቅጥሩ ባበቃበት ቀን የመቆያ ፈቃዱም አብሮ ያበቃል። ስለዚህ በውሉ ውስጥ የማሳወቂያ ጊዜው ከሁለቱም ወገን እኩል መሆኑን፣ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ባለው ረጅም ዕረፍት ደመወዝ የሚከፈል መሆኑን፣ ሲለቁም የመልቀቂያ ደብዳቤ እንደሚሰጥዎ ያስጽፉ። የአሥር ወር ውል የሚያቀርቡ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ቀሪዎቹን ሁለት ወራት በምን እንደሚኖሩ የሚያስቡት እርስዎ ነዎት።

በመጨረሻም ደላላው ወዳቀረበልዎት «በቱሪስት ይግቡ» ወደሚለው ሐሳብ ልመለስ። በሕጉ የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው ሲሠራ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 50,000 ባት ተቀጥቶ ከአገር ይባረራል፤ ቀጣሪው ደግሞ በአንድ ሰው ከ10,000 እስከ 100,000 ባት ይቀጣል። ስለዚህ እውነተኛ ትምህርት ቤት በቱሪስት ቪዛ ገብተው ማስተማር እንዲጀምሩ አይጠይቅዎትም፤ የሚጠይቅ ካለም የራሱን መቀጮ ጭምር አላሰበበትም ማለት ነው። ከመቀጮው የከፋ አደጋም አለ። በታይላንድ ሥራ አለ ተብለው ባንኮክ ከደረሱ በኋላ በታክ ክፍለ ሀገር ባለችው የድንበር ከተማ በማይ ሶት በኩል ወንዙን ተሻግረው ሚያንማር ውስጥ ሚያዋዲ አካባቢ ወዳሉ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች የተወሰዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከዚያ ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጥሩ እንግሊዝኛ መቻል ለአጭበርባሪዎቹ ተፈላጊ ችሎታ በመሆኑ እንግሊዝኛ አስተማሪ በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል። ከአየር ማረፊያ የሚቀበልዎት ሰው ወደ ናኮን ራቻሲማ ሳይሆን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ታክ ክፍለ ሀገር፣ የሚወስድዎት ከሆነ መኪናው ውስጥ አይግቡ። ናኮን ራቻሲማ ከባንኮክ በስተሰሜን ምሥራቅ ነው።

በዚህ ሳምንት ለትምህርት ቤቱ የሚከተለውን ይጻፉለት። የትምህርት ቤቱን ሙሉ ስም በታይኛና በእንግሊዝኛ ከፈቃዱ ቅጂ ጋር እንዲልክልዎ፣ የድጋፍ ደብዳቤውን ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያስጨርስ እንዲገልጽ፣ እዚያ ከሚያስተምር የውጭ አገር መምህር ጋርም በቪዲዮ እንዲያገናኝዎ ይጠይቁ። በኢሜይል የደረሰዎትን ሳይሆን በራስዎ ፈልገው ያገኙትን የትምህርት ቤቱን ስልክ ደውለው የቀጠረዎትን ሰው በስም ይጠይቁ። መልሱ ከመጣ በግንቦት አጋማሽ ለሚከፈተው የትምህርት ዘመን አሁኑኑ ወደ ሬጅስትራር መሄድ ይኖርብዎታል። ወረቀቱ እስከዚያ የማይደርስ ከሆነ ሁለተኛው መንፈቅ የሚጀምረው በኅዳር አካባቢ መሆኑን ጠቅሰው ቀኑን እንዲያስተላልፉልዎ ይጠይቁ፤ መምህር ያጣ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ እሺ ይላል።